ብላርኒ ወይስ በንራቲ? አንድ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ የትኛውን የአየርላንድ ግንብ ይምረጥ?

የአየርላንድን ደቡብና ምዕራብ ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው የጉዞ ዕቅዱን ሲያወጣ ሁለት ስሞች ደጋግመው ይገጥሙታል፤ ብላርኒ እና በንራቲ። ሁለቱም የ15ኛው መቶ ዘመን ግንቦች ናቸው። ሁለቱም በአገሪቱ እጅግ ከታወቁት የቱሪስት መስህቦች መካከል ይቆጠራሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ የዕረፍት ጊዜው አጭር የሆነበት ሰው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ብዙ ሰዎች የሚመርጡት ፎቶግራፍ አይተው ነው። በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ አንድ ጎብኚ በጀርባው ተንጋሎ ድንጋይ ሲስም ይታያል። በሌላኛው ደግሞ የመካከለኛውን ዘመን ልብስ የለበሱ ዘፋኞች በሻማ ብርሃን እንግዶችን ያስተናግዳሉ። ፎቶግራፎቹ የማይናገሩት ነገር ግን ለመንገደኛው የበለጠ ይጠቅመዋል። ብላርኒ ጣሪያውንና ወለሉን አጥቶ በፍርስራሽነቱ የተጠበቀ ግንብ ነው። በንራቲ ደግሞ ፈርሶ ከቆየ በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን ተጠግኖ፣ በዕቃ ተሞልቶ እንደገና ሕይወት የተሰጠው ግንብ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከሁለት ሕንጻዎች አንዱን ከመለየት ያለፈ ነው። ያለፈ ዘመን ሲጎበኝ እንደተረፈው ይታይ ወይስ እንደነበረው ተመልሶ ይሠራ የሚል ጥያቄም አለበት።

ግንቦቹን የሠሯቸው እነማን ናቸው?

በአየርላንድ ግንብ የሚያይ እንግዳ የእንግሊዝ ገዢዎች የሠሩት ሊመስለው ይችላል። ግምቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ኖርማኖች በ1169 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከብሪታንያ ተሻግረው አየርላንድ ከገቡ በኋላ፣ የያዙትን መሬት ለማስጠበቅ መጀመሪያ በአፈርና በእንጨት፣ ቀጥሎም በድንጋይ ምሽጎችን ሠርተዋል። ከደብሊን በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ሰፊው የትሪም ግንብ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ዛሬ ቆመው የሚታዩት ብላርኒና በንራቲ ግን የጌሊክ ባላባቶች ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ባላባቶች በአይሪሽ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአገሩ ሕግና ልማድ የሚተዳደሩ የየአካባቢው ገዢዎች ነበሩ። ብላርኒ የማካርቲ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። በንራቲን የሠሩት ማክናማራዎች ሲሆኑ፣ ብዙም ሳይቆይ በኦብራየኖች እጅ ገብቷል። በ15ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ዘውድ ሥልጣን በደብሊን ዙሪያ ወዳለ ጠባብ ግዛት ተሰብስቦ ስለነበር፣ በደቡብና በምዕራብ የሠራዊቱም የግብሩም ጌቶች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ነበሩ።

የሠሩትም የግንብ ዓይነት ተመሳሳይ ነው። ቤቱ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ ይረዝማል። ዕቃ ቤቱና የጥበቃው ክፍል ከታች፣ የባለቤቱ አዳራሽና መኝታ ቤቶች ከላይ ይሆናሉ። መግቢያው ጠባብ ነው። ከመግቢያው በላይ፣ በሩን ሰብሮ በሚገባ ጠላት ላይ ድንጋይ የሚለቀቅበት ቀዳዳ ይተዋል። ደረጃው በግድግዳው ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወጣና አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ብዙ ሆነው የመጡ አጥቂዎችም ቢሆኑ ተራ በተራ ለመውጣት ይገደዳሉ።

ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ጎብኚ በሁለቱም ግንቦች የሚያየው ነገር ትርጉም ይሰጠዋል። የደረጃው ጥበትና የበሩ ማነስ ኅብረተሰቡ በምን ዓይነት ስጋት ውስጥ ይኖር እንደነበር ያሳያሉ።

ብላርኒ፦ በቃል ተጠብቆ በጦርነት የጠፋ ርስት

ብላርኒ ከአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ከኮርክ በስተሰሜን ምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይገኛል። አሁን የሚታየው ግንብ በ1446 በኮርማክ ሌይድር ማካርቲ እንደተሠራ ይነገራል። ከዚያ በፊት በዚሁ ቦታ ላይ የእንጨት፣ ቀጥሎም የድንጋይ ምሽግ እንደነበረ የግንቡ ታሪክ ያስረዳል።

የግንቡ ስም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ቃል ሆኗል። በእንግሊዝኛ "ብላርኒ" ማለት ለዛ ያለው ማባበያ፣ ሰሚውን ደስ እያሰኘ ቁም ነገሩን የሚያዘገይ ንግግር ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ "አፈ ቅቤ" ከሚለው ሰው አንደበት የሚወጣ ዓይነት ነው።

የቃሉን አመጣጥ የሚያስረዳው ትውፊት ወደ 16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይመልሰናል። የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የአየርላንድ ባላባቶች በነባሩ ልማድ የያዙትን መሬት ለዘውዱ አስረክበው፣ ከዘውዱ እንደ ስጦታ መልሰው እንዲቀበሉ ትፈልግ ነበር። የብላርኒው ጌታ ኮርማክ ማካርቲ እምቢ አላለም፤ እሺ ብሎም አልፈጸመም። ታማኝነቱን የሚገልጹ የተዋቡ ቃላትን ይልካል፤ ጉዳዩን ግን ከዛሬ ነገ እያለ ያራዝመዋል። በመጨረሻ ንግሥቲቱ ተማርራ "ይህ ሁሉ ብላርኒ ነው" አለች ይባላል። ንግሥቲቱ በእርግጥ እንዲህ ብትልም ባትልም፣ ታሪኩ የሚገልጸው ችግር እውነተኛ ነው። በጦር የማይመጣጠን ገዢ ርስቱን ለማቆየት የነበረው መሣሪያ ጊዜ መግዛት ነበር።

የተገዛው ጊዜ ግን ዘላለማዊ አልነበረም። በ1640ዎቹ ጦርነት ግንቡ በ1646 በእንግሊዝ ፓርላማ ወገን በተሰለፈው በሎርድ ብሮግሂል ሠራዊት ተያዘ። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ማካርቲዎች ንብረታቸው ተመለሰላቸው። በ1690ዎቹ መጀመሪያ ግን ሁሉም ነገር አበቃ። የቤቱ አለቃ የነበረው ኧርል ከካቶሊኩ ንጉሥ ከጄምስ ዳግማዊ ጎን ቆሞ ነበር፤ የጄምስ ወገን ሲሸነፍ የማካርቲዎች ርስት ተወረሰ። በ1703 ግንቡን ጄምስ ጀፍሪስ የተባለ የኮርክ አስተዳዳሪ ገዛው። በኋላም በጋብቻ ወደ ኮልትኸርስት ቤተሰብ ተላለፈ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ቤተሰብ እጅ ይገኛል።

አዲሶቹ ባለቤቶች በግንቡ ውስጥ መኖርን አልመረጡም። ከጎኑ ለዘመኑ የሚስማማ ቤት ሠሩ፤ እሱ በ1820 በእሳት ሲወድም ሌላ ትልቅ ቤት በ1874 ከግንቡ ራቅ ብሎ ተሠራ። ግንቡ ባዶውን ቀረ። የእንጨት ወለሎቹ ከጠፉ በኋላ ምድጃዎቹ በግድግዳው ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ሰው በአንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት፣ አልጋ በሌለበት፣ ጣሪያም በሌለበት ማማ ውስጥ ሰማዩን ይመለከታል። እዚህ የኖረ ቤተሰብ እንደተነቀለ ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልግም።

ድንጋዩን መሳም ይገባል?

ወደ ብላርኒ የሚሄደው አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለድንጋዩ ነው። የብላርኒ ድንጋይ ከመሬት 26 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በግንቡ አናት ላይ ካለው መከታ ግርጌ ይገኛል። የሳመው ሰው የአንደበት ርትዕ ይሰጠዋል የሚል እምነት አለ። ለመሳም በጀርባ ተንጋሎ፣ ሁለት የብረት ዘንጎች ጨብጦ፣ ጭንቅላትን ወደ ኋላና ወደ ታች ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚሁ የተመደበ ሠራተኛ ሰውየውን ይይዛል፤ ከሥርም የብረት መከላከያ ተደርጓል። ቀደም ባለው ዘመን ሳሚው ከአፋፉ ላይ በቁርጭምጭሚቱ ተይዞ ይወርድ እንደነበር ይነገራል።

ስለ ድንጋዩ አመጣጥ ብዙ ተረት አለ። አንዳንዱ ያዕቆብ ራሱን ያስደገፈበት ድንጋይ ነው ይላል፤ ሌላው የስኮትላንድ ነገሥታት ከሚቀቡበት ድንጋይ የተከፈለ ነው ይላል። በ2014 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ከድንጋዩ ተወስዶ የነበረን ስስ ናሙና በአጉሊ መነጽር መርምረው ነበር። ውጤቱ ድንጋዩ በዚያው አካባቢ የሚገኝ፣ 330 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የኖራ ድንጋይ መሆኑን አሳይቷል። ከውጭ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

የሚስመው ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትዝታና ፎቶግራፍ ነው። ከመወሰኑ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛ፣ ወደ አናቱ የሚያደርሰው ጠባብና ጠምዛዛ ደረጃ ከመቶ በላይ እርከኖች አሉት፤ ጉልበት ለሚያመው፣ ከፍታ ለሚያስፈራው ወይም ሕፃን ላዘለ ሰው ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ በበጋው ወራት፣ በተለይም ከቀኑ እኩሌታ በኋላ፣ ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል። ግንቡ በሚከፈትበት ሰዓት የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ድንጋዩን ለመሳም የማይፈልግ ሰውም ብላርኒን በከንቱ አይጎበኝም። ግንቡን የከበበው 60 ኤከር ገደማ የሚሆን የአትክልት ሥፍራ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ጥንታዊ ዛፎችና ቋጥኞች ያሉበት ክፍል አለው። ከግንቡ ሥር ደግሞ የመርዛማ እጽዋት አትክልት ተተክሏል፤ እንደ ጉሎ ያሉ፣ በሌላ አገር በየጓሮው የሚበቅሉ እጽዋት ጭምር የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ይታያሉ።

በንራቲ፦ አራት ጊዜ የተሠራ ግንብ

በንራቲ ከሊመሪክ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሻነን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛል። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። ከሻነን ወንዝ ሰፊ አፍ አጠገብ ያለውን ይህን ሥፍራ የያዘ፣ ወደ ሊመሪክ የሚወጡና የሚወርዱ መርከቦችን ይቆጣጠራል። ግንቡ ደጋግሞ የፈረሰበትና የተሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምሽግ በ1250 አካባቢ በአንድ የኖርማን ባላባት ተሠራ። ቀጥሎ ቶማስ ደ ክሌር የተባለ ሌላ ኖርማን የድንጋይ ግንብ አቆመ፤ በዙሪያውም ከተማ ተመሠረተ። በ1318 በዲሰርት ኦዴይ በተደረገው ጦርነት ልጁ ሪቻርድ በኦብራየን ወገን ጦር ሲገደል፣ ሚስቱ ከተማውንና ግንቡን አቃጥላ እንደሸሸች ታሪክ ይተርካል። በ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሦስተኛው ግንብ ተሠራ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ በአይሪሾች እጅ ወደቀ። ዛሬ የሚታየው አራተኛው ሲሆን፣ በ1425 ገደማ በማክናማራዎች ተጀምሯል።

ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግንቡ የኦብራየኖች ሆነ። ኦብራየኖች በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የሞተው የአየርላንድ ንጉሥ የብራየን ቦሩ ዘሮች ናቸው። ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የተከተሉት መንገድ በብላርኒ ከሚተረከው የተለየ ነበር። በ1543 የቤቱ አለቃ መሮ ኦብራየን ነባሩን የንጉሥነት ማዕረጉን ትቶ ለሄንሪ ስምንተኛ ገባ፤ በምላሹም የቶመንድ ኧርል ተብሎ ተሾመ። ኮርማክ ማካርቲ ሲያዘገየው የኖረውን ስምምነት ኦብራየኖች አስቀድመው ፈርመውት ነበር።

ስምምነቱ ለጊዜው ጠቅሟቸዋል። በ1645 ወደ አየርላንድ የመጣው የሮማው ሊቀ ጳጳስ መልእክተኛ ሪኑቺኒ በ1646 የበንራቲን ግቢ፣ ኩሬዎቹንና አጋዘኖች የሚሰማሩበትን መስክ አይቶ አድናቆቱን በጽሑፍ አስፍሯል። በዚያው ዓመት ግን ጦርነቱ ደጃፉ ደረሰ። ስድስተኛው ኧርል ባርናቢ ኦብራየን የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር በግንቡ እንዲሰፍር ፈቅዶ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ግንቡን ከባሕር በኩል ሲከላከሉ ከነበሩት መኮንኖች አንዱ ዊልያም ፔን ይባላል። በኋላ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያን የመሠረተው የዚህ ሰው ልጅ ነው። ከበባው በአይሪሾች አሸናፊነት ሲያበቃ ፔን በመርከብ አመለጠ።

ኦብራየኖች ወደ በንራቲ ተመልሰው እንደ ቀድሞው አልኖሩበትም። በ18ኛው መቶ ዘመን ግንቡ ስተደርት ወደተባለ ቤተሰብ ተዛወረ። ይህም ቤተሰብ በአቅራቢያው የተሻለ ቤት ሠርቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግንቡ ለተወሰነ ጊዜ የፖሊስ ሰፈር ሆነ፤ የትልቁ አዳራሽ ጣሪያም ፈረሰ። ርስቱን በእምቢታ ለማቆየት የሞከረውም፣ በስምምነት ለማቆየት የሞከረውም ቤት በመጨረሻ ግንቡን አጣ።

አውሮፕላን ማረፊያው ያዳነው ግንብ

በንራቲን ከብላርኒ የለየው በ1950ዎቹ የሆነው ነገር ነው። በ1954 ሎርድ ጎርት የተባለ የጥንታዊ ዕቃዎች ሰብሳቢ ግንቡን ገዝቶ ከአየርላንድ መንግሥት ጋር በመተባበር አስጠገነው። ጣሪያው ተመለሰ። አዳራሹና ክፍሎቹ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የቤት ዕቃዎች፣ ጠረጴዛዎችና በግድግዳ ላይ በሚሰቀሉ ጥልፎች ተሞሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚያው ጊዜ ጎረቤቱ የሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ችግር ላይ ነበር። አትላንቲክን የሚያቋርጡ የቀድሞ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመሙላት ሻነን ላይ ማረፍ ግድ ይሆንባቸው ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ከቀረጥ ነጻ የአየር መንገደኞች ሱቅ በ1947 የተከፈተውም እዚያው ነው። ጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ ግን ሳያርፉ ማለፍ ተቻለ። ሱቁን የመሠረተው ብሬንደን ኦሬገንና ባልደረቦቹ ለዚህ የሰጡት መልስ፣ መንገደኛው በምድር ላይ የሚያቆመው ምክንያት እንዲኖረው ማድረግ ነበር። ከ1963 ጀምሮ በበንራቲ አዳራሽ የሚካሄደው የመካከለኛው ዘመን ግብዣ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው።

ግብዣው ምሽት ላይ የሚካሄድና ለብቻው የሚከፈልበት ሲሆን፣ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። እንግዶች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠው ሥጋውን በቢላዋና በእጃቸው ይበላሉ፤ በገና መሰል መሣሪያ እየተመታ ይዘፈናል። በእጅ መብላት ለአውሮፓዊው እንግዳ ጨዋታ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ለሄደ ሰው ግን የዕለት ልማዱ ነው። በመጀመሪያ የሚቀርበው "ሚድ" የተሰኘ መጠጥም ከማር የሚጠመቅ ስለሆነ የጠጅ ዘመድ ነው። የሚጾም፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ወይም አልኮል የማይጠጣ ሰው ቦታ ሲይዝ ይህንኑ ቢያሳውቅ ይመረጣል።

ከግንቡ ጎን ከ30 በላይ ሕንጻዎች ያሉት የገጠር መንደር አለ። የሣር ክዳን ያላቸው የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የሐኪም ቤትና ሱቆች በ19ኛው መቶ ዘመን አኗኗር ተደራጅተዋል። የመንደሩ ጅማሬም ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተያያዘ ነው። የሻነን መንደርደሪያ ሲሰፋ ሊፈርስ የነበረ አንድ የገበሬ ቤት ድንጋዩ ተነሥቶ እዚህ እንዲተከል ተደረገ፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

"እውነተኛው" የትኛው ነው?

የበንራቲ ተቺዎች ቦታው ለቱሪስት የተሰናዳ መድረክ ነው ይላሉ። ክሱ በከፊል ትክክል ነው። በክፍሎቹ ያሉት ዕቃዎች የዘመኑ ቢሆኑም አብዛኞቹ ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ እንጂ ኦብራየኖች ትተዋቸው የሄዱ አይደሉም። ጣሪያው የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። የመንደሩ ቤቶች ከግንቡ በብዙ መቶ ዓመታት የሚያንሱ ከመሆናቸው በላይ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆሙት እዚያ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ባዶ ግድግዳ የማይነግረው ነገር አለ። የመካከለኛው ዘመን አዳራሽ ምን ያህል ጨለማና ብርድ እንደነበረው፣ ባለቤቱ የት እንደሚቀመጥና አገልጋዩ የት እንደሚቆም፣ አንድ ክፍል ለፍርድም ለምግብም እንዴት እንደሚውል በበንራቲ በዓይን ይታያል። የገጠሩ መንደር ደግሞ በግንቦች ታሪክ የማይታየውን ተራ ሰው ያስገባል። ኧርሉ ያሳነጻቸውን አዳራሾች ያየ ጎብኚ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶ አንድ ቤተሰብ ከነምድጃው ጭስ የኖረበትን አንድ ክፍል ቤት ያያል።

ብላርኒም ቢሆን ከመድረክነት ነጻ አይደለም። የድንጋዩ ወረፋ ራሱ ትርኢት ነው። ግንቡ ግን ያልነበረውን አልለበሰም። የጎደለው ሁሉ እንደጎደለ ይታያል፤ ጉድለቱም የታሪኩ ክፍል ነው። በአጭሩ፣ በንራቲ ሰዎቹ እንዴት እንደኖሩ ያሳያል፤ ብላርኒ ደግሞ እንዴት እንደጠፉ።

ለማን የትኛው ይስማማል?

ከትናንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ በንራቲ ይመቻል። ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየገቡ የሚያዩት፣ የሚነኩትና የሚጠይቁት ነገር አያጡም። ወደ ግንቡ አናት መውጣት የማይችሉ አዛውንቶችም በመንደሩ ውስጥ ጊዜያቸውን ማሳለፍ ይችላሉ። አየርላንድ ዝናብ የማይለያት አገር በመሆኗ፣ መጠለያ የሚሆኑ ቤቶች መኖራቸውም ቀላል ጥቅም አይደለም።

በእግር መንሸራሸር፣ ዛፍና አበባ ማየት ለሚወድ ሰው ብላርኒ ይበልጣል። ጉልበቱ ጠንካራ የሆነና ከፍታ የማያስፈራው ወጣትም ድንጋዩን ሳይስም ቢመለስ ሊቆጨው ይችላል። ሁለቱም ግንቦች በውስጣቸው ጠባብና ጠምዛዛ ደረጃዎች ስላሏቸው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው አይመቹም። እንዲህ ላለው ጎብኚ የብላርኒ አትክልት ወይም የበንራቲ መንደር መንገዶች የተሻሉ ናቸው።

የመነሻ ቦታም ይወስናል። በኮርክ የሚያድር ሰው ወደ ብላርኒ በከተማ አውቶቡስ ይደርሳል። በሻነን በኩል የሚገባ ወይም በሊመሪክ የሚያድር ሰው ደግሞ ለበንራቲ ሩቅ አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጡ መንገደኞች ሻነንን የሚመርጡበት ሌላ ምክንያት አላቸው፤ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻውን እዚያው አጠናቀው ይሳፈራሉ።

ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? መኪና ላለው ሰው ይቻላል። በመካከል ያለው ጉዞ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሁለቱንም በጥድፊያ ማየት ይሆናል። ከአንደኛው ጎን አድሮ በማግሥቱ ሌላውን ማየት የተሻለ ነው። በአየርላንድ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። ይህ ለኬንያና ለኡጋንዳ አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ የሚሄድ ሰው ግን በጠባብ የገጠር መንገዶች ላይ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ከቲኬቱ በፊት ቪዛው

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ መንገደኞች የሚሳሳቱበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም በሸንገን ስምምነት ውስጥ የለችም። በመሆኑም የሸንገን ቪዛ ያለው፣ ወይም በጀርመን፣ በጣልያንም ሆነ በስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው በመደበኛው አሠራር የአየርላንድ ቪዛ ማውጣት ይኖርበታል። የብሪታንያ ቪዛም የአየርላንድን ቪዛ አይተካም። በየብስ ድንበር ከሰሜን አየርላንድ ሲሻገሩ በየኬላው መደበኛ ፍተሻ አለመኖሩ የቪዛውን ግዴታ አያስቀረውም።

በአውሮፓ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ አንድ ለውጥ ማወቅ አለባቸው። አየርላንድ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች በዚህ ሰነድ የሚመጡ ሰዎች ያለ ቪዛ የሚገቡበትን ስምምነት በሐምሌ 2022 አግዳለች። ከዚያ በፊት ያለ ቪዛ ሄዶ የተመለሰ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የአሜሪካ፣ የብሪታንያ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም።

ዜግነታቸውና ሰነዳቸው የተለያየ የቤተሰብ አባላት አብረው ሲጓዙ የእያንዳንዱን ሁኔታ ለየብቻ ማጣራት ይገባል። የአውሮፕላን ትኬትና የግብዣ ቦታ ከተከፈለባቸው በኋላ አንድ ሰው በሰነድ ምክንያት ቢቀር የሚደርሰው ኪሳራ ከግንቦቹ መግቢያ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሰነዱ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አየርላንድ የሚሄድ፣ ልጆችና አዛውንቶች አብረውት ያሉ ሰው አንድ ቀኑን ለበንራቲ ቢሰጥ ሁሉም የሚያየው ነገር ያገኛል። ብቻውን ወይም ከእኩዮቹ ጋር የሚጓዝ፣ ግድግዳ ከዕቃ ይልቅ የሚናገረው ሰው ደግሞ ማለዳ ተነሥቶ ብላርኒ ይግባ፤ ወደ ድንጋዩ ከመውጣቱ በፊትም ከማማው ሥር ቆሞ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ምድጃዎች ይመልከት።